የጎደለ ገጽ

በርበሬ ተራ ላይ ጎህ ሲቀድ ስደርስ፣
ትርንጎ ጀምራለች መጽሐፍ ማፍረስ።
አንዱን ገጽ ለአብሽ፣ አንዱን ለቀረፋ፤
ፍቅረኞች ተለያዩ በጥቁር አዝሙድ ጥቅል፣ ነፍሰ ገዳይ ጠፋ።
«ተይ እንጂ አንቺ ሴት፣ ይችን ሳትቀጂ ለኔ መዝኚልኝ!»
«ወረቀት ወረቀት ነው፤ በኪሎ ሠላሳ፤ ካልሆነ ልቀቀኝ።»

እከፍላለሁ።
አንድ ኪሎ ማለት አራት ደራሲ ነው፣
ሰባት ተካካጆች፣ ኮቱን የማያወልቅ አንድ መርማሪ ሰው፣
ሎተሪ የደረሳት አንዲት ገረድ ደግሞ፤
ቀሪው አቧራ ነው።

ፒያሳ ወጥቼ፣ ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ላስቲኬን ዘርግቼ
እደረድራለሁ፣ ቀለም የለቀቁትን ከፀሐይ ለይቼ፤
«ባለ ጥቁር ጓንቲዋ»፣ «የአንገረብ ጥይት»፣ «የሎተሪ ሙሽራ»፣
ደራሲውን ማን ያውቃል? የአታሚው ማኅተም ብቻ ነው የጠራ።
ቱሪስት ወደ ግንቡ ባጠገቤ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ያየኛል፤
በግንብ አገር ሆኜ፣ በአርባ ዓመት ወረቀት፣ ማን ባለቅርስ ይለኛል?

እኔ ግን ሽፋኑን ስገልጥ ሰው አለ።
«የዚህ መጽሐፍ ባለቤት ባንቺአምላክ ታክሎ፣ ዘጠነኛ ቢ፤
የሰረቀው እጁ ይሽመድመድ» ይላል።
ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ሰርቄው ነበረ። እጄ ደኅና ነው። ይርጋ።»
ገጽ ሰማንያ ላይ የሻማ ጠብታ ደርቆ ተጋግሯል፤
ሰሙ እኔ ዘንድ ነው፤ ወርቁን ያ አንባቢ ይዞት ተሰውሯል።

አቶ ደርቤ አለ፣ የአዘዞ ሰው፣ ሾፌር፣ ጡረታ የወጣ፤
«አልመጣም ወይ?» ይላል ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከዘራውን ይዞ ካጠገቤ ሲመጣ።
«የአንገረብ ጥይት» ነው።
በጉርምስናው ጊዜ፣ በአሥር ሳንቲም ኪራይ፣ ለአንዲት ሌሊት ብቻ
ተከራይቶት ነበር፤ ሊነጋጋ ሲል ቀረችው አንዲት ገጽ፣ የመጨረሻዋ።
ጀርባዋ ያልታተመ ንጹሕ ነበረና፣ ወረቀት ቸግሮት
እሷኑ ገንጥሎ የልቡን ጻፈባት።
ለስንቴ በአጥር ቀዳዳ ሰደዳት።
መልስ አልመጣለትም፤ ገዳዩንም ሳያውቅ መጽሐፉን መለሰ፤
ልጅቱም በክረምት ሁመራ ወረደች፤ ወሬዋም አልደረሰ።

«ገጿን ነው የምፈልግ» ይለኛል።
የቱን ገጽ? አልልም።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ የቀበሌ ቤት ሲፈርስ፣ ከሟች መምህር ሣጥን
ሙሉውን አገኘሁ።
የመጨረሻዋ ገጽ እንደ ወተት ጥርስ
ትነቃነቃለች፣ ግን አለች።
ሦስት መቶ አልሁት። ዋጋ አልተከራከረ።
ቆሞ አነበባት፤ ከንፈሩ እንደ ተማሪ ይንቀሳቀስ ነበረ።
«ወንድሙ ነው?» አለኝ።
«ወንድሙ ነው» አልሁት።
«አርባ ሦስት ዓመት! ባለሱቁን ጠርጥሬ!
ያን ምስኪን ሰውዬ!»
ሳቀ፤ ባጃጅ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩት።

ከዚያ ገለበጣት።
ጀርባዋ ባዶ ነው።
ገዳዩን ባወቀበት ጊዜ ሦስት እጥፍ
ባዶውን አነበበ።
መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠርዝ አንዱን ዓይን አበሰ፣
«ይችስ አይደለችም» ብሎ፣ ጫፏን ሳያጥፍ፣ መጽሐፉን መለሰ።

ከዚያ ወዲህ እኔ በርበሬ ተራ ላይ ጠባዬ ተለወጠ፤
ትርንጎ ስትጠቀልል እጇን እይዛለሁ፣ «እስቲ ይገልበጥ» እያልሁ።
«አበድህ!» ትለኛለች፤ ትገለብጣለች።
አንዱ የስኳር ዱቤ ነው፣ ያልተከፈለ።
አንዱ ላይ ሕፃን ልጅ ስድስት እግር ያላት ድመት ስሏል።
አንዱ ባዶ።
አንዱ ባዶ።

ሊመሽ ሲል ይመጣል፣ ከዘራውን ቀድሞ።
ድሮ «አልመጣም ወይ?» ነበር የሚለኝ፤
ዛሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«አልመጣችም ወይ?»