ሦስት ካርድ

ማራኪ ላይ፣ ፎቁ ጥግ፣ ከመሳቢያው ሥር፣
አጣናው መነጽሩን አንጠልጥሎ በክር፣
አንዲት ቀጭን መጽሐፍ፣ ርዕሷ «ቀሃ ወንዝ»፣
እጁ ላይ ከበደች እንደ መንገደኛ ጓዝ።

«ስለ ውሃ» ቢላት፣ ጥምቀት አለባት፤
«ሃይማኖት» ቢላትም፣ የጎርፍ ልክ አላት፤
ታሪክ ናት እንዳይል፣ ገጽ አርባ ላይ ቆሞ
አየ የአጣቢ ሒሳብ፣ የሳሙና ደግሞ።

አካሏ አንድ ነውና አንድ ቦታ አኖራት፤
ስሟ ብዙ ነውና ሦስት ካርድ ጻፈላት።
ፍልስፍና አላለውም፤ ሳል ይዞት ነበር፤
ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ከመስኮቱ ዳር።

ዘንድሮ ኮምፒውተር መጥቶ ቆጠራ ሲጀመር፣
ሦስቱም ካርድ ጠቆሙ ወደ አንድ ጣት አየር።
ማን ወሰዳት? አይታወቅ። ክረምት ነው። ዝናብ ነው።
«ልቅደዳቸው?» አለች ዘርፌ።
«ተያቸው።»

ሳጥኑ ሁለት ብቻ፦ «አለ» እና «የለም»፤
ጠቋሚው እዚያ ላይ ብልጭ፣ ደግሞ ድርግም።
አጣናው ተጠጋ፤ በአንድ ጣት፣ በዝግታ፣
«ማስታወሻ» በሚል ጠባብ ባዶ ቦታ
ጻፈ፦ «ነበረች»።
ከዚያ ሳለ።

ክፍተቷ፣ መደርደሪያው ላይ፣ እስከ ዛሬ አለ።