ቤቱ ዝግ ነው

«መብራት ሄደ» ይላል ሰው፤ እግር እንዳለው እንግዳ፣
ጃንጥላውን አንጠልጥሎ እንደ ወጣ ማለዳ።
እኔ ግን የት እንደ ሄደ አውቃለሁ፤
ከሂሳብ ክፍሉ መስኮት ስር፣ ከስልኩ አጠገብ እውላለሁ።
ወይ ቀርከሃ ወድቆበታል በላይኛው ሸንተረር፣
ወይ እንሽላሊት ተቃጥላለች ከትራንስፎርመሩ ዳር፣
ወይ ደግሞ እኛው ቆርጠነዋል፣ በደብዳቤ፣ በማኅተም፤
ላልከፈለ አይበራለትም።

ሶህራ ነው አገራችን፤ ዝናብ ቤት የሠራበት፣
ደመና በበር ገብቶ በመስኮት የሚወጣበት።
በሰኔ ልብስ አይደርቅም፤ ወረቀት ያብጣል፤
የቢል ጥራዝ ከመሳቢያ እንደ እንጉዳይ ይበቅላል፤
ቀለሙ ከመስመር ወደ መስመር ይንጠባጠባል፣
የሰው ዕዳ ከሰው ዕዳ ይቀላቀላል።

በዚያ ሰኔ ከሺሎንግ ትእዛዝ መጣ፦
«ሦስት ወር ያለፈው ሁሉ ከመስመር ይውጣ።»
አርባ ሁለት ስም ጻፍኩ። ሠላሳ ሦስተኛዋ
ኮንግ ትሪፊና ናት፤ ገደል አፋፍ ላይ ነው ጎጆዋ።
ዕዳ፦ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ሩፒ።
ንብረት፦ አንድ አምፖል።

ሼምፋንግን ላክነው። መሰላሉን በትከሻ፣
ፒንሳውን በወገቡ፣ ክዋይ በጉንጩ ጉርሻ፣
እንደ ኤሊ ጀርባው ላይ ደፍቶ የቀርከሃውን ድንኳን፣
ወረደ ደረጃ ለደረጃ፣ ዝናቡ ሳይሰጠው ፋታ እንኳን።
ሲመሽ ተመለሰ፤ የራሰ ቅጽ ሰጠኝ፤
«ቤቱ ዝግ ነው» ይላል። ሌላ ቃል አልነገረኝ።
በሐምሌ ላክነው፤ «ቤቱ ዝግ ነው» አለ።
በነሐሴ ላክነው፤ «ቤቱ ዝግ ነው» አለ።
ቆጣሪው ግን ውጭ ግድግዳው ላይ ነው፤ ቆጣሪ መቼ ዋሽቶ፤
በዝግ ቤት ማነው አምፖል የሚያበራ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ?

እሁድ፣ ከጸሎት መልስ፣ ራሴ ወረድኩ።
በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።
ከአምፖሉ ስር፣ በሻይ ሣጥን ውስጥ፣ በገለባ ላይ፣
አርባ ጫጩት ይርመሰመሳል፣ ያችን ብርሃን መስሎት ፀሐይ።
«ብርድ ይፈጃቸዋል» አለችኝ። «ሲያድጉ ሸጬ እከፍላለሁ፤
ለዚያም ልጅ ነግሬዋለሁ።»
«ምን አደረገ ታዲያ?»
«ፒንሳውን አወጣ። ሣጥኑን አየ። ብዙ ቆየ።
‹ቆረጥኩ› ብሎኝ ሄደ።»
ቀና አልኩ። አምፖሉ በርቷል።

መስከረም ላይ ከቤንጋል ሜዳ ነፋስ ወጣ፤
ሰባት ምሰሶ ነቅሎ እንደ ክብሪት በተነው።
ያን ጊዜ መብራት ሄደ፤ ከከፈለውም ካልከፈለውም፣
ከአለቃዬ ቤትም፣ ከሆስፒታሉም።
ዘጠኝ ቀን። ሼምፋንግ ምሰሶ ላይ ውሎ ምሰሶ ስር አደረ፤
መዳፉ በገመድ ተላጠ፤ ድምፁ ሻክሮ ቀረ።
በዘጠነኛው ሌሊት ሸለቆው በርቶ ሰው ሁሉ ሲጮህ፣
ስሙን የጠራው የለም። «መብራት መጣ» ነው የተባለው፤
በገዛ እግሩ እንደ ተመለሰ።

ኅዳር ላይ ኮንግ ትሪፊና ከመስኮቴ ፊት ቆመች።
ሦስት መቶ ሩፒ፣ ላባ የተጣበቀበት፣ ቆጥራ አኖረች።
«የቀረውስ?»
«አሥራ አንድ ተረፉልኝ፤ በብብቴ፣ በጉያዬ።
ሃያ ዘጠኙን የገደላቸው የእናንተ ጨለማ ነው፤ ከዕዳዬ ላይ ቀንሱልኝ።»

መሳቢያውን ሳብኩ። ለአዲስ ቆጣሪ ቅጽ አለን፣
ለተሰበረ፣ ለተሰረቀ፣ ስም ለማዛወር ቅጽ አለን።
ለጫጩት የለንም።
የሦስት መቶውን ደረሰኝ ቆረጥኩላት።
በመሐረቧ ጠቅልላው ወጣች፤ አላመሰገነችኝም።

የዚያን ማታ አዲሱ ዝርዝር መጣ። ከስሟ ደረስኩ።
ሼምፋንግ በሩ ላይ ቆሞ ቦቲውን ያራግፋል፤ አላየኝም።
እጄ ጥቂት ዘገየ።
ቆረጥኩ።
«ቤቱ ዝግ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤
እፍ፣ እፍ አልኩበት፤
በሶህራ ቀለም ቶሎ አይደርቅም።