ጉዝጓዝ

ሰሓም የደረስኩ ዕለት የሰጡኝ ዕቃ መጥረጊያ ነበረ፣
ከሱ ጋር ተኛሁ፣ ከሱ ጋር ተነሳሁ፣ እጄ እየሻከረ።
ንፋስ ከበረሃ አሸዋ ሲያስገባ፣ እኔ በበር ሳወጣ፣
በቀን አራት ጊዜ፣ ሳንሸናነፍ፣ ሦስተኛው ወር መጣ።

ኡም ኸልፋን ናት ታዲያ፣ አሮጊቷ እመቤት፣
ከተምሮቹ ጀርባ የወሰደችኝ፣ ከዶሮዎች ቤት።
ሠላሳ ሁለት ሴት፣ አንድ ኩሩ አውራ፣
ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሁለት ወገኑ ሽቦ።
መጥረጊያዬን ሳነሳ በምርኩዟ መታ አድርጋ
«ኸሊሃ» አለችኝ።
ተዪው ማለቷ ነው።
ተዪው?
ኩስ ነው እኮ፣ እማማ! እኛ ዘንድ ያልተጠረገ ቤት
በጎረቤት ይታማል፣ ያውም በሴቷ ስም።

ጀማሉዲን በር ከሚሠሩ አናጢዎች ዘንድ
ሰጋቱራ በጆንያ አመጣ።
የማላውቃቸው ሰዎች የሚገቡ የሚወጡበት በር
ብናኙ ለዶሮ ተነጠፈ፣ አንድ ስንዝር።
በላዩ የተምር ዝንጣፊ፣ ደርቆ የተከተፈ፣
በላዩ የሎሚ ቅጠል፣ ከዛፉ የረገፈ።
«ጨብጪው» አለች አሮጊቷ። ጨበጥኩ።
«ልቀቂው።»
ተበተነ።
«እንዲህ ሲሆን ይተነፍሳል። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ
ውሃ ጠጥቷል፤ ያኔ ይሸታል፣ ያኔ ዓይን ያስለቅሳል።
ከማጠጫው ሥር ነው የሚጀምረው። እሱን ጠብቂ።»

ጠበቅኩ።
ጎሕ ሳይቀድ በመንሽ እገለብጣለሁ፣
እፍኝ ገብስ ከቆጡ ሥር እበትናለሁ፣
እነሱ ይጭራሉ፣ እኔ እቆማለሁ፤
ባረብ አገር የመጀመሪያዬ መቆም።
በሐምሌ፣ ፀሐይ ከላይ፣ እሱ ከታች እንዳይነድ፣
መንሹን ሰቅዬ፣ ጆንያ በውሃ ነክሬ
ሽቦው ላይ እሰቅላለሁ።
በታኅሣሥ ሌሊት ግን እጄን ስከተው
የሰው ብብት ይመስል ነበር።

በመጋቢት የሞዛ ቀለበት ጠፋ።
ሞዛ የልጇ ሚስት ናት፤ ሕፃኗን እንቁላል ልታስለቅም
ቀሚሷን ሰብስባ፣ አፍንጫዋን ይዛ የገባች ዕለት።
ፍራሼ ተገለበጠ፣ ሻንጣዬ ተዘረገፈ፣
ሹሩባዬ ሳይቀር ተፈታ፤
ቀለበቱ አልተገኘም።
የሦስት ወር ደሞዜ ግን ተገኘ፣ በሱ ፈንታ።

ጉዝጓዙ ወፈረ። እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ባት፣
ከታች ያለው ጠቁሮ፣ ከላይ ያለው ነጥቶ።
አንድ ጧት፣ ጥር ላይ፣ አንገተ መላጣዋ ዶሮ
ጫረች፣
ጫረች፣
ወደ ኋላ ብላ በአንድ ዓይኗ አየች፣ ደግማ ጫረች።
ብልጭ አለ።
ከመንቆሯ ነጠቅኩት። ወርቅ ክፉ ነው፣
አሥር ወር ኩስ ውስጥ ኖሮ ምንም አልሸተተ።

እናቴ «ዶሮ ጭራ ጭራ» ትልና ታቆም ነበር፣
ቀሪውን ማን ያጣዋል።
ባሳያቸው፣ «የት ነበር?» «ከጉዝጓዙ።» «ማን ከተተው?»
ባላሳያቸው፣ አሁን የእውነት ሌባ ነኝ።
መዳፌ ላይ ክብ ነው፤ መዳፌ ላይ ስለት አለው።

ቀና ስል ኡም ኸልፋን ከሽቦው ወዲያ ቆማለች፣
መቼ እንደመጣች እንጃ።
እኔን አየች። እጄን አየች። እኔን አየች።
ምርኩዟን አንስታ ሽቦውን መታ አደረገች።
«ኸሊሃ።»

ከረመዳን በኋላ ተቆፈረ። የዝናብ መሬት ይሸት ነበር፣
ዝናብ በሌለበት።
ጀማሉዲን በጋሪ እየወሰደ ለተምሮቹ አለበሰው፣
ስንዝር ያህል ብቻ ለእርሾ ቀረ፣
ለሚመጣው ዓመት፣ ለምትመጣው ልጅ።
የትኛው ጋሪ ወዴት እንደሄደ አልቆጠርኩም እላለሁ።
ወደ ሦስተኛዋ ተምር ነው የሄደው።

ዘንድሮ ደወልኩለት።
«ሦስተኛዋስ?» አልኩት።
«ምን ሦስተኛዋ?» አለኝ። «እንደ ሌሎቹ ናት።»
ቆይቶ ግን፣ «ቅጠሏ ጠቆር ይላል» አለ፣
«አሮጊቷም ከሥሯ መቀመጥ ለምዳለች።»