ከመቶ ሺህ አንድ

ማራኪ ምድር ቤት፣ ከቧንቧዎች መሀል፣
መስኮቴ አይዘጋም፤ የሐምሌ ጉም ይገባል።
ሻምበል ይነጫነጫል፣ ካፖርት ደራርቦ፣
«ዝጊው እንጂ! የጎንደር ብርድ መጣ ተሰብስቦ።»
አልዘጋም።

ሰኞ ሰኞ ማለዳ፣ ከአዘዞ በባጃጅ፣
አንጓች ትመጣለች፣ የጀሪካን ወዳጅ።
የያዘችው ዳግም ነው፣ ሁለቴ የነጠረ፣
ውሃ መስሎ፣ ክብሪት ሲያይ በሰማያዊ የጨፈረ።
«ይኼን ማን ሊጠጣው ነው?» ትለኛለች ደግማ።
«ብረት» እላታለሁ። «ወይ ጉድ! ወይ ከተማ!
የኔ ደንበኛ ጠጥቶ ግንብ ሥር ነው የሚወድቅ፣
ያንቺው ጠጥቶ ነው እንደ አምፖል የሚደምቅ?»

አዎን። በስድስት መቶ ዲግሪ ሆዷ የጋለ፣
ከእንፋሎት ጋር ትጨልጠዋለች፤ ያልተፈታ የለ።
ሃይድሮጅኑ ካርቦኑን ጥሎ፣ እንደ ፍቺ ማግስት፣
ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይወጣል ከቤት።
ግን ብቻውን አይወጣም። የሚከተለው አለ፣
ሽታም መልክም የሌለው፣ ከትንፋሽ የቀለለ።
በመጽሐፉ ካርቦን ሞኖክሳይድ፤
በእኛ ቤት ስሙ የደሳለው ገዳይ፣ የማንደጃው ንዳድ።

ደሳለው ያጎቴ ልጅ፣ ሁለተኛ ዓመት፣
ቀሃ ኢየሱስ ሥር በተከራያት ቤት፣
የበሩን ስንጥቅ በላስቲክ ጠቀጠቀው፤
ነሐሴ ነበረ፣ ነገ ፈተና ነው፣ ብርድ አስጨነቀው፤
ማንደጃውን አስገብቶ፣ ደብተሩን ገልጦ ተኛ።
ጧት በሩን ስንሰብር እኔ ነበርኩ ሦስተኛ።
ጉንጩ ቀልቷል፣ ሩር ሲያሳድድ እንደዋለ።
«ሞቆት ነው» አለች እናቱ።
«ተዉት።»

ሐኪሙ በወረቀት ሣለልኝ፤ ደም ውስጥ ወንበር አለ፣
የኦክሲጅን ወንበር፤ ይህ ቀምቶት ተደላደለ፤
አይነሣም። ባለቤቱ ደጅ ቆሞ ዋለ።

የሴሏም ፕላቲኒየም፣ ወንበሩ እንደዚያው ነው፤
ከመቶ ሺህ አንዱ ሰርጎ ቢገባ የሚያንቃት ይኸው ነው።
እንፋሎት ጨምረን አብዛኛውን እንገራዋለን፣
የቀረውን ከፓላዲየም ቅጠል እናደርሰዋለን፣
ከሽንኩርት ልባስ ከሳሳው። የፋሲል ግቢ ለየሰው
አሥራ ሁለት በር አለው፤ ለዚህ ግን አንድ በር ነው፤
የሚያልፈውም አንድ፦ ሃይድሮጅን፣ ያውም ራሱን ለሁለት ከፍሎ፣
ማዶ ሲደርስ የሚጋጠም፣ ምንም እንዳልሆነ መስሎ።

አምና ቅጠሉ ተቀደደ። ፀጉር በማታህል ቀዳዳ
ገባ፤ ሴሏ ሞተች። ጉንጭ የላት፣ አልቀላም።
ስምንት ወር ደጅ ጠናን ጉምሩክ፣ ስናስረዳ፣ ስናስረዳ።

ዛሬ ማታ መብራት ጠፋ። አራዳም ማራኪም ጨለማ።
ከሆስፒታሉ በኩል የጄኔሬተር ሳል ተሰማ፤
ሳለ፣ ሳለና ዝም አለ።
እዚያ ያለጊዜያቸው የመጡ፣ መዳፍ የሚያህሉ ልጆች አሉ፣
በሣጥን ሙቀት የሚያድሩ፣ ማልቀስ እንኳ ገና ያልቻሉ።
ቧንቧውን ከፈትን። ሻምበል ቆጣሪውን ያነባል፦
ከሚሊዮን ሠላሳ። አሥራ ሁለት። አራት።
ዜሮ።
አምፖሏ ዐይኗን ገለጠች፣ ሳትቸኩል፣ እንደ እንግዳ በሰው ቤት።

አንድ አምፖል ነው። ለሣጥኖቹ ገና ነው፤ ገና ብዙ ነው።
ከጭራዋ ውሃ ጠብ አለ። አምሽታ የነበረችው
አንጓች በጣቷ ቀመሰች፤
«አይ! አረቄዬን ውሃ አደረጋችሁት» ብላ ሣቀች።

ሻምበል ካፖርቱን ሰብስቦ መስኮቱን ሊዘጋ ተነሣ።
«ተወው» አልኩት።
ጉሙ ገባ።