ሃያ አራተኛው ቀን

ሳስካቱን ጥር ነው፤ በረዶው ይወርዳል፤
ወንዙ ላዩ ድንጋይ፣ ውስጡ ግን ይሄዳል።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መብራት ባልጠፋበት፣
ማሕፀን እንሠራለን፣ እናት የሌለበት።

ደም በቀመር ይፈስሳል። ጉበት አንድ ሣጥን ነው፣
የእንግዴ ልጅ ሌላ ሣጥን፣ መካከላቸው ቀስት።
ጽንሱ ከምስር ፍሬ ያንሳል፤
ስም አልወጣለትም፤ ዕድሜው በቀን ይቆጠራል።

ለብጉር የሚዋጠውን ክኒን እንጥልበታለን፣
የዚያን የቪታሚን የሥጋ ዘመድ፣
ዳፍንት ለጋረደው ልጅ ምሽቱን የሚመልስለትን።
ዘመድ ነው፤ ሲያንስ ያስለቅሳል፣ ሲበዛ ቤት ያፈርሳል።

«ዱሮ ይህን የምንጠይቀው አይጥን ነበር» ትላለች ሎርና ፍሪሰን
መነጽሯን በሹራቧ እየወለወለች፤
«አይጧም ትመልስልን ነበር። የአይጥ መልስ።»

ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፤ መስመሩ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል።
በሃያ አራተኛው ቀን ዳገት ይጀምራል።
ፊት የሚሆኑት ሕዋሳት ያን ቀን መንገደኞች ናቸው፤
ከጀርባ ተነሥተው ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ጆሮ፤
ክኒኑ ሲያገኛቸው
ገሚሱ የተላከበትን ይረሳል።

ማታ ቴሳ መጣች፣ የእናቷን ጓንት ይዛ፣
የሱፍ ኮፍያዋን ወደ ቀኝ ጉንጯ ስባ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
የቴሳ ቀኝ ጆሮ ባዳም ሆኖ አልመጣ፤
መንገድ ላይ ቀርቷል።

«እኔን አስገቡኝ» አለች።
እኔ ሎርናን አየሁ። ሎርና መስኮቱን።
ከዚያ ሳታመነታ፣ ስልክ ቁጥር እንደምትነግር፦
«አርባ ሚሊግራም። በቀን ሁለቴ።
ያቆምኩት ባወቅሁ ዕለት ነው።»

ጻፍኩት። ማራገቢያው አጉረመረመ።
ሠላሳ አንድ ከመቶ፣ አለ ማሽኑ።

ቴሳ ቁጥሩን ቆማ አየችው፣
ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ሄደ፦
«ስልሳ ዘጠኙስ? ያን ቀን የት ነበሩ?»

መልስ የሚሆን ሣጥን አልሠራንም።
ሎርና ጓንቶቹን ለበሰች፤ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣
አሥር ጣቶቿን አንድ በአንድ።

ቀጣዩን ሞለኪውል ከፈትኩ፤ ከወረቀት ያልወጣ፣
ስሙ ሦስት ፊደልና ቁጥር።
«ይኼንንስ ማን ዋጠው?»
«ማንም።»
ወንበር ሳበች፣ ደኅነኛ ጆሮዋን ወደ ማሽኑ አዞረች፦
«እንግዲያው ቶሎ በሉ» አለች፣
«ገና ማንም ሳይውጠው።»