ሦስተኛ ወገን

ከመናኸሪያ በር፣ ገና ሳይነጋጋ፣
እትዬ ዳንሼን ጫንኩ በአሥር ብር ዋጋ።
ጃንጥላዋን አጥፋ፣ መጽሐፏን አቅፋ፣
«ወንድሜ፣ ድነሃል?» አለችኝ ሳትለፋ።
«ስንት ነው ሂሳቡ?» የማለት ያህል ቀሏት፤
እኔ ግን ምላሴን ምን ብዬ ልፍታላት?

መስታወቴ ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል፤
አንዱ «ኢየሱስ ያድናል»፣ ፀሐይ ያገረጣው፣
አንዱ የመድን ነው፣ ዘንድሮ የወጣው፣
«ሦስተኛ ወገን» የሚል ማኅተም ያረፈበት፣
ሰኔ በመጣ ቁጥር የምከፍልበት።
የፊተኛውን ለጥፎ ነው የሸጠልኝ ባለቤቱ፤
የኋለኛው ግን የኔ ነው፣ ከነጣጣው፣ ከነምክንያቱ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ነሐሴ ሲያለቅስ፣
ከአሞራ ገደል ወጥቼ ወደ ፒያሳ ስመለስ፣
እንቅልፍም ነበረኝ፣ ትንሽም ጠጥቼ፤
(«ትንሹ» ውሸት ነው፤ የጠጣሁት አብዝቼ።)

ካያሞን ገጨሁት።

ሳፋው ተገልብጦ፣ ቆሮሶው ተበትኖ፣
እግሩ ወደማይዞርበት ዞሮ፣ የሌላ ሰው እግር ሆኖ።
አባ ኮዳ ወፎች ዓሣውን ሲለቅሙ፣
ሰዎች ከየሱቁ ወጥተው ዙሪያችን ሲቆሙ፣
እኔን ያስጨነቀኝ፣ ይቅር ይበለኝና፣ አልነበረም ደሙ፤
መድኑ ነበር።
ቀኑ ካለፈበት ሦስት ሳምንት የሞላው።

ትራፊኩ መጣ፣ የዝናብ ልብሱ እያንጠባጠበ፣
«ማነው ጥፋተኛ?» አለና እስክርቢቶውን ሳበ።
ካያሞ ጥርሱን ነክሶ፣ አማርኛውን ሲዳምኛ ቃና እየሳበው፣
«እኔ ነኝ ጌታዬ፤ ጭቃው ነው ያንሸራተተኝ፤
ልጁን ተወው፤ እሱማ ሊያነሳኝ ቆሞ ነው።»

አላውቀውም ነበር፤ አያውቀኝም ነበር።
ያቺ ባጃጅ ብቻ እንዳለችኝ፣ እሷም በማኅበር ብድር፣
ቤት የአራት ወር ልጅ እንዳለኝ ማን ሊነግረው ይችል ነበር?

ቆይቼ ጠየቅሁት፣ ከሆስፒታሉ አልጋ ሥር።
«ለምን?» አልኩት።
ሾርባውን ጨረሰ።
«ዓሣው ግን ይቆጫል» አለ፣ «ትልልቅ ነበር።»

አሁን ማክሰኞና ዓርብ ወደ ሐይቁ አደርሰዋለሁ፤
አሥር ብር ይዘረጋል፤ «ተው እንጂ» እለዋለሁ፤
«እንካ» ይላል፤ እቀበለዋለሁ።
ቢከሰኝ ይቀለኝ ነበር፣ በአደባባይ ቢሰድበኝ፤
መልስ ስቆጥርለት ነው ጣቴን የሚያንቀጠቅጠኝ።

መድን ቢሮ ያለችው ልጅ አስረድታኛለች፦
«ሦስተኛ ወገን ማለት የምትጎዳው ሰው ነው፤
ውሉ ላይ ያልፈረመ፣ ውሉ ግን ለሱ የሆነው።»
ገባኝ ብዬ ፈረምኩ።
በኔ ግን ተገልብጧል፤ የተጎዳው ነው የከፈለ።

እሑድ ገብርኤል ደጅ ቆሜ፣ ስለ መስቀሉ ሲነገር፣
ሰዉ ጎልጎታን ሲያስብ፣ ለኔ የሚታየኝ ነገር
የተገለበጠ ሳፋ ነው፣ ነሐሴና የአስፋልት ዳር።
ካህኑ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ፤
እኔ የተማርኩት እዚያ ነው፣ ጭቃው ላይ፣ ያለምንም ምንጣፍ፣ ያለምንም ስጋጃ።

ዳንሼ ትጠብቃለች።
«ድኛለሁ» አልኳት ኋላ፣ «እግሩ ግን አልዳነም።»
«የማን እግር?» አለች፤ መውረጃዋ ደርሶ ነበር፣ አላብራራሁላትም።
ሃምሳ ብር ሰጠችኝ፤ አርባውን መለስኩላት፤
የቀረውን መልስ ግን ዛሬም አልጨረስኩላት።

ማክሰኞ ነው ደግሞ፤ ካያሞ ይጠብቃል፤
ዝናብ ሊመጣ ሲል እግሩ ቀድሞ ያውቃል።