ባሕር የጠጣ መፋቂያ

ባሕርን መጀመሪያ ያየሁት በምላሴ ነው።

አባቴ ፍሬናተር ነበር፣ የመጨረሻው ፉርጎ ላይ የሚቆም፤
ከድሬ ሌሊት የሚነሳ፣ ከጅቡቲ ደክሞ የሚገባ።
ሌላው ሽቶና ሸሚዝ ሲደብቅ፣ ሩዝ ከመቀመጫ ሥር ሲወሽቅ፣
እሱ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አጥብቆ
የሚያመጣው እንጨት ነበር፤
ጣት የሚያህል፣ ልጡ አመድማ፣
ከባሕሩ ከንፈር፣ ከጨዋማው አሸዋ የተማሰ ሥር።

እናቴ ትስቅበታለች፦
«ደቻቱ ዳር ሞልቶ የለም? መፋቂያ በባቡር ይጫናል?»

ኤዶ ሀዎ ግን፣ ከፊራ በር፣ ቅስቱ ጥላ ሥር
ጆንያ አንጥፋ የምትሸጠው፣
አንዱን እንጨት አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች።
«ይሄም ዓዳይ ነው፣ ያም ዓዳይ ነው፤ የአንድ እናት ልጆች።
ይሄኛው ግን ባሕር እየጠጣ አደገ፣
የናንተው ጎርፍ እየጠበቀ።
የተጠማው ለጥርስ ነው፣
ጨው የጠገበው ለድድ።»

ቅጠሉን ለሳል ታፈላለች፣ ፍሬውን ለሆድ ትሰጣለች፤
ሥሩን ለእኔ ሰጠችኝ፣ በሰባት ዓመቴ፣
ጉንጬ ዘይቱና የጎረስኩ ያህል አብጦ።
ማኘክ ነው፤ መትፋት የለም፣ አፍ እስኪነድ።

መጀመሪያ ሰናፍጭ። ቀጥሎ ጨው።
ከጨው በኋላ አንድ ነገር፣ ስም የሌለው፣ ሰፊ።
ሌሊቱን ሙሉ ጥርሴ ሥር ማዕበል ሲመላለስ አደረ፤
ጠዋት እብጠቱ ጎድሎ ነበር።
ባሕሩም።

ከዚያ ባቡሩ ቆመ።
ፉርጎዎቹ ዛጉ፣ የአባቴ ኮፍያ ሚስማር ላይ ቀረ፣
ሐዲዱ መሐል ፍየል ገብታ ሣር ለቀመች።
ጥርሶቹም በተራ፣ ልክ እንደ ጣቢያዎቹ፣
ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣
አንድ በአንድ አለፉ።

ኤዶ ሀዎ አሁንም በየጁምዓው ትመጣለች፣
የደቻቱን እንጨት ይዛ፣ የዚሁኑ፣ የተጠማውን።
«ጥርስ የለኝ፣ ምን ላድርግበት?»
«ድድ አለህ» ትለዋለች።
ጫፉን በጩቤ ትልጠዋለች፣
ከሻሿ ጠርዝ ቋጠሮ ትፈታለች፣
ቁንጣሪ ጨው ትነሰንስበታለች።
ጨው ከየት እንደምታመጣ ጠይቀናት አናውቅም።

አባቴ ያኝካል፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
ቀኝ እጁ ደግሞ፣ ሳያውቀው፣
የሌለ መዘውር ያጠብቃል፣ ቀስ፣ ቀስ፣
ቁልቁለቱ ላይ እንደ ደረሰ ሰው፣
ውሃው ሊታየው ሲል።